ከግቢ በር እስከ ቆሼ፦ የአዲስ አበባን ቆሻሻ የሚለዩት ሰዎችና በሒሳብ ያልገባው ሥራቸው

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ ከዘነበወርቅና ከአለርት ሆስፒታል አለፍ ብሎ፣ በመንግሥት መዝገብ ረጲ፣ በነዋሪው አንደበት ደግሞ ቆሼ የሚባል የቆሻሻ ማራገፊያ አለ። ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲሆን ቦታው ያን ጊዜ ከከተማዋ ዳርቻ ውጪ ነበር። ከተማዋ እየሰፋች ሄዳ ዙሪያውን በቤት፣ በመንገድና በሱቅ ስትከበው 36 ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው ማራገፊያ ከቦታው ሳይነቃነቅ ወደ ላይ ማደጉን ቀጠለ፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተከማቸው ቆሻሻም ከሩቅ ለሚያየው ኮረብታ መሰለ። ቆሻሻውን አፈር ማልበስ፣ ከሥሩ የሚወጣውን ፍሳሽ ማጣራት፣ ጋዙን በቧንቧ ማስወጣት የሚባለው አሠራር በአብዛኛው የዕድሜ ዘመኑ አልነበረም። መኪናው መጥቶ ይገለብጣል፣ ዶዘሩ ይገፋል፤ ሥራው ይኸው ነበር።

የከተማ ነዋሪ ለአየር ንብረት ምን ያደርጋል ሲባል በእኛ አገር ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው ችግኝ ተከላ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ መኪናና የከተማ ባቡር ይነሳሉ። ቆሻሻ የጽዳትና የውበት ጉዳይ ተደርጎ ስለሚታይ ከውይይቱ ይቀራል። በእኔ እምነት ግን በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ሳይቋረጥ ከተካሄዱት የማኅበረሰብ የአየር ንብረት ሥራዎች ትልቁ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ቆርቆሮና ጠርሙስ የሚገዙት፣ ጋሪ የሚገፉትና ቆሼ ላይ የሚጭሩት ሰዎች የሚሠሩት ነው። ሥራው ይህን ስም አግኝቶ አያውቅም፤ ክፍያውም በዚህ ሒሳብ ተሠርቶ አያውቅም። የዚህ ጥናት ዓላማ ይህ የሒሳብ ጉድለት ከተማዋ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰችባቸውን ግንባታዎች እንዴት እንዳዳከመ ማሳየት ነው።

ጆንያው ውስጥ ያለው

የአዲስ አበባ ቤተሰብ ምን እንደሚጥል ለማወቅ አንድ ጆንያ ፈትቶ ማየት ይበቃል። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ አመድ፣ የጫት ገራባ፣ በክረምት የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ በበዓል ማግስት የደረቀ ቄጤማና የዶሮ ላባ ይወጣል። ቀድሞ ሻጭና ገዢ የሚከራከሩበት የበግ ቆዳ እንኳ ዋጋው ከወደቀ ወዲህ ከበዓል በኋላ ገንዳ ሥር ተጥሎ ማየት የተለመደ ሆኗል። ከጠቅላላው ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንዲህ ያለ በስባሽ ነገር ነው፤ ፕላስቲኩ፣ ወረቀቱ፣ ብረቱና ብርጭቆው የቀረውን ይጋራሉ።

በስባሹ ነገር በሌላ እርጥብ ክምር ሥር ተቀብሮ አየር ሲያጣ፣ ያለ አየር የሚኖሩ ተሕዋስያን ሲያፈርሱት ሚቴን ይወጣል። ሚቴን በ100 ዓመት ሒሳብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ፣ በ20 ዓመት ሒሳብ ደግሞ ከ80 እጥፍ በላይ ሙቀት ያምቃል። በዓለም ደረጃ በሰው ሥራ ምክንያት ከሚለቀቀው ሚቴን አንድ አምስተኛ ያህሉ ከቆሻሻና ከፍሳሽ እንደሚመጣ ይገመታል። ጋዙ በአየር ውስጥ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ስለሆነ ምንጩ ዛሬ ቢቀነስ ለውጡ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ይታያል፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለየውም በዚህ ነው። ያው ልጣጭ አየር እያገኘ፣ አልፎ አልፎ እየተገላበጠ ቢበሰብስ ሚቴኑ እጅግ ያነሰ ይሆናል፤ የሚተርፈውም ለአትክልት የሚሆን ብስባሽ ነው። ደረቁ ክፍል ሚቴን ባይሰጥም ሌላ ሒሳብ አለው፤ ለምሳሌ አሉሚኒየምን አቅልጦ መልሶ መሥራት ከማዕድን ከማምረት ጋር ሲነጻጸር 95 ከመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል። እርጥቡና ደረቁ አንዴ ከተደባለቁ በኋላ ግን ወረቀቱ ይረጥባል፣ ፕላስቲኩ ይቆሽሻል፣ ልጣጩ በብርጭቆና በባትሪ ድንጋይ ይበከላል፤ ሁለቱም ዋጋቸውን ያጣሉ። ስለዚህ ወሳኙ ቦታ ቆሻሻው የሚደባለቅበት፣ ማለትም የግቢው በር ነው።

ጋሪውና ገንዳው

ከሃያ ዓመት በፊት አብዛኛው ነዋሪ ቆሻሻውን ራሱ ተሸክሞ ወደ ሰፈሩ ገንዳ ይወስድ ነበር፤ ገንዳው የራቀበት ወይም የሞላበት ወደ ወንዝ ዳርና ወደ ቱቦ ይደፋ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሥራ አጥ ወጣቶችና ሴቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ቤት ለቤት መሰብሰብ ጀመሩ፤ ኋላም በየወረዳው በሽርክና ማኅበራት እየተጠቃለሉ መጡ። ማኅበሩ የተመደበለትን ሰፈር ቆሻሻ ከየቤቱ ያወጣል፣ በጋሪ ገፍቶ ገንዳው ወይም መኪናው ወደሚቆምበት ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ማጓጓዝ የከተማ አስተዳደሩ ሥራ ነው። ነዋሪው ለጽዳት የሚከፍለው ከውኃ ሒሳቡ ጋር ተደምሮ ነው፤ ማኅበሩ ደግሞ ከአስተዳደሩ የሚከፈለው ባስረከበው ቆሻሻ ልክ ነው።

ይህ አደረጃጀት ብዙ ያልተነገረለት ለውጥ አምጥቷል። መኪና የማይገባባቸው የቆዩ ሰፈሮች ጠባብ መንገዶች የሚጸዱት በጋሪና በትከሻ ነው፤ አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች በመሆናቸውም ከቆሻሻ የሚገኘው ገቢ በየቀኑ ወደ ቤት የሚገባ ገንዘብ ሆኗል። ማለዳ ላይ የኮብልስቶን መንገድ ጥግ ላይ ቆሞ የተመለከታቸው ሰው የሚያየው ነገር አለ። ከየቤቱ የወጣው ጆንያ ወደ ጋሪው ከመገልበጡ በፊት አንደኛዋ ፈታ አድርጋ በፍጥነት ትዳስሰዋለች፤ ሃይላንዱን ወደ አንድ ማዳበሪያ፣ ካርቶኑን ወደ ሌላው፣ ቆርቆሮውን ወደ ጋሪው ጎን ትወረውራለች፤ የቀረው ይደፋና በእግር ይጠቀጠቃል። ጓንት ያላት አለች፣ ያለ ጓንት የምትሠራም አለች። መኪናው የሚመጣበት ሰዓት ስለሚታወቅ ለዚህ ልየታ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ያ የጥቂት ደቂቃ ልየታ ሠራተኛዋ በራሷ ተነሳሽነት የምትሠራው፣ ለራሷ የምታገኘው ትርፍ ነው። ከአስተዳደሩ ጋር ያለው ውል የሚያየው የተረከበውን መጠን ስለሆነ እርጥብ ልጣጭ ለማኅበሩ ጥሩ ገቢ ነው፤ በክረምት ደግሞ የዝናቡ ውኃ ጭምር ይደመርበታል። ማኅበሩ ልጣጩን ለይቶ ለብስባሽ ሥራ ቢያስቀር ያስቀረው ያህል ከክፍያው ይቀንሳል፤ ብስባሹን የሚገዛው ካላገኘ ኪሳራው የራሱ ነው። ነዋሪው የሚከፍለውም በውኃ አጠቃቀሙ እንጂ በሚጥለው ቆሻሻ ልክ ስላልሆነ፣ ብዙ የጣለም ጥቂት የጣለም፣ የለየም ያልለየም ልዩነት አያይም። እዚህ ላይ ማንም ሰው በክፋት የሠራው ነገር የለም፤ ውሉ ሲጻፍ የታሰበው ከተማዋ እንድትጸዳ ነበር፣ ከተማዋም ከነበረችበት ይበልጥ ጸዳች።

ቁራሌውና ምናለሽ ተራ

ከማኅበራቱ በፊትም ከማኅበራቱ ጋርም የኖረው ሌላ ሰንሰለት ማንም ያላቋቋመው ነው። ማዳበሪያውን በትከሻው አንጠልጥሎ እየተጣራ የሚያልፈው ቁራሌው ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ የተሰበረ ፕላስቲክ፣ የተቃጠለ ምጣድ፣ አሮጌ ጫማና የማይሠራ ሬዲዮ ይገዛል። ልዋጭ የሚለው ደግሞ በገንዘብ ፈንታ አዲስ የፕላስቲክ ሣህን ወይም ባልዲ ይሰጣል። ይህ ንግድ ድጎማ የለውም፣ በጀት የለውም፣ የአየር ንብረት ፕሮጀክት የሚል ታፔላም አልተሰቀለበትም፤ ሆኖም በከተማዋ በስፋት የተሠራ፣ በየግቢው በር የሚደረግ ልየታ ቢፈለግ ከእርሱ ሌላ የሚጠቀስ የለም። የቤት እመቤቷ ጠርሙሱን ከቆሻሻው ለይታ ጥግ ላይ የምታስቀምጠው ቁራሌው ነገ እንደሚመጣና ሳንቲም እንደሚከፍላት ስለምታውቅ ነው። የሕዝብ ግንዛቤ ጎደለ እያሉ ስብሰባ የሚጠሩ ሰዎች ይህን ቢያስተውሉት መልካም ነበር፤ ዋጋ ያለውን ነገር መለየት ነዋሪውን ማንም አላስተማረውም።

ቁራሌው የሰበሰበው በየሰፈሩ ባሉ ገዢዎች በኩል አልፎ አብዛኛው መርካቶ ይገባል። እዚያ ያለው የአሮጌ ዕቃ ሰፈር፣ ምናለሽ ተራ፣ የሚመጣውን ዕቃ የሚቀበልበት ስፋት ለማመን ይከብዳል። በርሜል ተቀዶ ምድጃና ቆርቆሮ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶና ገመድ ይሆናል፤ የአሉሚኒየም ቁርጥራጭ ቀልጦ ድስት ይሆናል፤ ጠርሙሱ ታጥቦ ዘይት ወይም አረቄ ለሚሞሉ ይሸጣል፤ የላስቲክ ጫማ ተፈጭቶ እንደገና ጫማ ይሆናል። ሃይላንዱ ተጨፍልቆ ወደሚፈጩና ወደሚያዘጋጁ ድርጅቶች ይሄዳል። መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ አያቋርጥም። በዚህ ሥራ ያለውን ጉዳት መደበቅ አይገባም፤ ባትሪ የሚሰብሩ ልጆች አሉ፣ መዳቡን ለማውጣት የኤሌክትሪክ ሽቦ በክፍት ቦታ ይቃጠላል፣ የሚቀልጠው ብረት ውስጥ ምን እንዳለ የሚመረምር የለም። መንግሥት ገብቶ ሊያስተካክለው የሚገባው ይህን ሲሆን፣ እስካሁን ከዚህ ሰፈር ጋር ያለው ግንኙነት ይበልጡን በመልሶ ማልማትና በቦታ ማስለቀቅ ዙሪያ ነው።

ቁራሌው ያለፈውን፣ ጋሪ ገፊዋ ያላገኘችውን፣ የመጨረሻውን ልየታ የሚያደርጉት ቆሼ ላይ ያሉት ናቸው። ከአካባቢው ነዋሪዎች መካከል ለሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ ወደ አለርት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ቤተሰቦችና ልጆቻቸው ይገኙበታል፤ ሌላ ቦታ ሥራ የነፈጋቸው ከተማ ቆሻሻውን አልነፈጋቸውም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጫፉ በታጠፈ ብረት አዲሱን ጭነት ይጭራሉ። ከቦሌና ከሆቴሎች የሚመጣው መኪና ከሌላው ይልቅ ይጠበቃል፤ ብረት የሚሰበስበው፣ ፕላስቲክ የሚሰበስበው፣ ለእንስሳት መኖ የሚሆን የሚለቅመው እንደ ልማዱ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ዕቁብ አላቸው፣ እድር አላቸው፤ ማኅበረሰብ የሚባለው ቃል የሚገባቸው ናቸው።

ሰንዳፋ፣ መጋቢትና ፋብሪካው

ቆሼ ሞልቷል ከተባለ ብዙ ዓመት ቢሆነውም ምትክ የተገኘለት በ2008 ዓ.ም. ነበር። በፈረንሳይ የልማት ኤጀንሲ የገንዘብ ድጋፍ በሰንዳፋ አካባቢ የተሠራው አዲስ ማራገፊያ ዘመናዊ ነው ተብሎ ሥራ ጀመረ። የአካባቢው አርሶ አደሮች ግን ሽታው ከቤት እንዳስወጣቸው፣ ውኃቸው እንደተበከለና ከብቶቻቸው እንደተጎዱ በመግለጽ ተቃወሙ፤ አገሪቱም ያን ጊዜ በሌሎች የመሬት ጥያቄዎች ትናጥ ነበር። ማራገፊያው ከጥቂት ወራት አገልግሎት በኋላ በዚያው ዓመት ክረምት ተዘጋ፤ መኪኖቹም ፊታቸውን እንደገና ወደ ቆሼ አዞሩ። የሰንዳፋ አርሶ አደሮች ያደረጉትን አንዳንዶች የልማት እንቅፋት አድርገው ያዩታል። እኔ አልስማማም። አንድ ከተማ ያልለየውን እርጥብ ቆሻሻ ጭኖ ሠላሳ ኪሎ ሜትር የሚርቅ ጎረቤቱ ማሳ አጠገብ ሲደፋ፣ ሽታውንና ፍሳሹን ጨምሮ መላኩ ነው፤ ልጣጩ ከተማው ውስጥ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ የሚጓዘው ጭነት ከግማሽ በታች፣ ያውም አብዛኛው የማይሸት በሆነ ነበር።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ የቆሼ ክምር አንድ ጎኑ ተንዶ ሥሩ በነበሩ የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ላይ ወረደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ፍለጋው ለቀናት ቀጠለ፣ በአገር ደረጃም የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። ስለ መንስኤው ነዋሪዎች እንደገና የተጀመረውን መድፋትና የዶዘሮቹን ሥራ ሲያነሱ ከባለሥልጣናት በኩል ደግሞ ክምሩን የሚቆፍሩ ሰዎች ተወቀሱ። የትኛውም ቢሆን፣ ገደል ያህል ቁልቁለት ያለው፣ ውስጡ እርጥብና በስባሽ የሆነ፣ ጋዝ የሚያመነጭ ክምር ያለ ምሕንድስና ከሰው ቤት በላይ መቆሙ መሠረታዊው ነገር ነው። ከሞቱት መካከል ከተማዋ የጣለችውን ሲለዩ የኖሩ ሰዎች ነበሩበት።

አደጋው በደረሰበት ጊዜ እዚያው ማራገፊያ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ በመገንባት ላይ ነበር። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣበትና በአፍሪካ የመጀመሪያው ተብሎ የተዋወቀው የረጲ ፋብሪካ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደ ሲሆን ሁለት ተርባይኖቹ እያንዳንዳቸው 25 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ማራኪ ነው፤ ክምሩ አያድግም፣ ሚቴኑ አይፈጠርም፣ መብራት ይገኛል።

በሥራ ላይ ግን ፋብሪካው በተደጋጋሚ ቆሟል፣ ምርቱም ከታቀደው በታች ሆኗል። ከምክንያቶቹ አንዱ ከግቢ በር የመጣው ነው። አንድ ሊትር ውኃ ለማትነን ብቻ ከ2 ሜጋ ጁል በላይ ሙቀት ይበላል፤ ስለዚህ አብዛኛው ክፍሉ ልጣጭና ገራባ የሆነ፣ አመድና አፈር የተቀላቀለበት ጭነት ምድጃው ውስጥ ሲገባ ከሚሰጠው ሙቀት ብዙውን ራሱን ለማድረቅ ይጨርሰዋል። በአውሮፓ እንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ወረቀትና ፕላስቲክ በሚበዛበት ቆሻሻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በደንብ የሚነደውን ደረቅ ነገር ቁራሌውና ጋሪ ገፊዋ ቀድመው ያወጡታል፤ ማውጣታቸውም ተገቢ ነው። በዚህ የተነሳ ፋብሪካውና ለቃሚው ለአንድ ፕላስቲክ የሚሻሙ ተፎካካሪዎች ሆኑ፤ ፋብሪካው የሚቀበለው ቆሻሻ በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚገለበጥም በዚያ በኩል የሚያልፍ ጭነት የሚጭር ሰው እጅ አይነካውም።

የአየር ንብረት ሒሳቡም ሲመረመር የተለመደውን መልስ አይሰጥም። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ ከቆሻሻ የሚገኘው መብራት የሚተካው የድንጋይ ከሰል ወይም የነዳጅ ኃይል የለም። ፕላስቲክ ሲቃጠል ደግሞ ከነዳጅ ዘይት የመጣው ካርቦን ወደ አየር ይወጣል። የፋብሪካው እውነተኛ ጥቅም በሚያስቀረው ሚቴን ላይ ነው፤ ሚቴን የሚፈጥረው ደግሞ ለማቃጠል የማይመቸው እርጥብ ክፍል ነው። ያንኑ ክፍል ለብስባሽ ማዋል በእጅጉ ያነሰ ገንዘብ ይጠይቃል። ይህን ስል ፋብሪካው መሠራት አልነበረበትም ለማለት አይደለም፤ እርጥቡ ቢለይለት የሚቀረው ጥቅም የማይሰጥ ደረቅ ቆሻሻ ለእርሱ የተሻለ ማገዶ በሆነ ነበር።

በዚህ መካከል በጃፓን መንግሥት ድጋፍና በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም አስተባባሪነት፣ በፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ዘዴ ቆሼ ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከክምሩ ሥር ቀዳዳ ያላቸው ቧንቧዎች በድንጋይ ተከበው ይዘረጋሉ፣ ወደ ላይ የሚያስተነፍሱ ቱቦዎች ይቆማሉ። ፍሳሹ በቧንቧው ሲወጣ በብስባሹ ሙቀት ምክንያት የውጪው አየር በዚያው ቧንቧ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ክምሩም አየር ስለሚያገኝ ሚቴኑ ይቀንሳል፣ ተዳፋቱም ይረጋጋል። ከገንዘቡ አንጻር ለቆሼ ከተደረገለት ሁሉ ፍሬያማው ይህ ይመስለኛል።

ሕጉ፣ ብስባሹና ባልዲው

ለይቶ ማውጣት አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 (በሕጉ አነጋገር ደረቅ የሚባለው ልጣጩንም ጨምሮ ፍሳሽ ያልሆነው ቆሻሻ ነው) እያንዳንዱ ቤተሰብ መልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ቆሻሻ ከሚወገደው እንዲለይ አዝዞ ነበር። ትእዛዙ ለምን እንዳልተፈጸመ ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልግም፤ ሁለት ጆንያ አዘጋጅቶ እርጥቡንና ደረቁን ለይቶ ያወጣ ቤተሰብ ዓይኑ እያየ ሁለቱም አንድ ጋሪ ላይ ይገለበጡበታል። ጋሪ ገፊዋም ብትሆን ገንዳው አንድ፣ መኪናው አንድ፣ ክፍያው አንድ በሆነበት ሁለት ክምር ይዛ የት ትሂድ? በሁለተኛው ሳምንት ቤተሰቡ መለየቱን ይተዋል።

ደረቁ ክፍል ገዢ ስላለው አዋጅ ሳያስፈልገው ተለይቷል። የቀረው የእርጥቡ ጥያቄ ነው፤ እርሱም ገዢ የለውም። ጓሮ አትክልት ያላቸው ቤተሰቦች፣ በየሰፈሩ የተደራጁ የከተማ ግብርና ማኅበራትና አንዳንድ የጽዳት ማኅበራት ብስባሽ ያዘጋጃሉ፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ዘመቻም በየግቢው የአትክልት መደብ እንዲበዛ አድርጓል። ነገር ግን ብስባሽ ከባድ ነው፣ ቦታ ይፈልጋል፣ ለመድረስ ወራት ይፈጃል፤ ብርጭቆና ፌስታል የተቀላቀለበት ከሆነ ማንም አይወስደውም። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ደግሞ ጓሮ የለውም፤ የሚኖረው የጋራ ግቢ ነው፣ የሽታው ጉዳይ ከተነሳም የሕንጻው ኮሚቴ ነገሩን ያስቆመዋል።

በዚህ ረገድ ከአዲስ አበባ ውጪ የተሞከረው ትምህርት ይሰጣል። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና መቀሌ ላይ የተጀመረው ፕሮጀክት የብስባሽ ሥራውን ከከተማ አረንጓዴ ልማት ጋር አያይዞ ነበር የተነሳው፤ ብስባሹን የሚያዘጋጁት የተደራጁ ማኅበራት፣ ከሚጠቀሙበት መካከል ደግሞ ችግኝ ጣቢያዎችና የከተማ አረንጓዴ ቦታዎች እንዲሆኑ ማለት ነው። አዲስ አበባ በኮሪደር ልማትና በወንዝ ዳር ፕሮጀክቶች የምትተክለው ሣር፣ አበባና ዛፍ ብዙ አፈርና ማዳበሪያ የሚፈልግ ነው። አስተዳደሩ ለእነዚህ ቦታዎች ብስባሽ ከማኅበራቱ የሚገዛበት ቋሚ ውል ቢኖረው ለእርጥቡ ቆሻሻ የጠፋው ቁራሌው ተገኘ ማለት ነው። የክፍያው ቀመርም ሊለወጥ ይገባዋል፤ ማኅበሩ ወደ ቆሼ ለላከው ብቻ ሳይሆን ወደ ቆሼ እንዳይሄድ ላስቀረውም ቢያንስ እኩል ቢከፈለው፣ የሚወጣው ገንዘብ ከመጓጓዣና ከማራገፊያ ወጪ ከሚቀነሰው ይሸፈናል ብዬ አምናለሁ። የቆሼ ጫሪዎች በዚህ ለውጥ ሥራ እንዳያጡ ከወዲሁ ወደ ልየታ ጣቢያዎቹ በቅጥር የሚገቡበት መንገድ መታሰብ አለበት፤ ዕቃ በዓይንና በእጅ የመለየት ችሎታቸው ከማንም ይበልጣል።

አሁን አንድ አጋጣሚ አለ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎት የሚሰጡ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ከልክሏል። የወጥ ቤቱን ልጣጭ ቋጥሮ ወደ ጆንያው የሚያስገባው ፌስታል ስለነበር፣ እርሱ ሲጠፋ ብዙ ቤት እርጥቡን በባልዲ ማጠራቀም ይገደዳል። ባልዲ ውስጥ ያለ ልጣጭ ከሞላ ጎደል የተለየ ልጣጭ ነው፤ ጋሪው ላይ እርሱን ብቻ የሚቀበል በርሜል ቢታሰር ሥራው ይጀመራል። በርሜሉን ምናለሽ ተራ ይሠራዋል፤ የበርሜሉ ይዘት በየትኛው ውል፣ በስንት ብር እንደሚመዘን መወሰን የከተማ አስተዳደሩ ድርሻ ነው።